ሁልጊዜ አረንጓዴው ዴይሊሊና ውርጭ፦ ከድሬዳዋ እስከ ሐረማያ፣ ከዚያም እስከ በረዶ አገር

ዴይሊሊ የተባለውን አበባ «ሁልጊዜ አረንጓዴ» ብሎ የሚሸጥ ሰው የሚነግራችሁ ግማሹን ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አይደርቅም ማለቱ ልክ ነው። ውርጭ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን በዚህ ስም አይመለስም። ሐረር ጀጎል ውስጥ በድንጋይ አጥር ተከልሎ ለሚያድግ ዴይሊሊ ጉዳዩ ብዙም አያሳስብም። ሐረማያ ሜዳ፣ ቁልቢ ወይም ጨለንቆ ላይ ለሚተክል ግን ያሳስባል፤ ቶሮንቶ ወይም ሚኒያፖሊስ ሆኖ የቤተሰቡን አበባ ማባዛት ለሚፈልግ የሐረር ልጅ ደግሞ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ከሞቃቱ ጀምረን ወደ ቀዝቃዛው እንሂድ።

በመጀመሪያ ተክሉን እንየው። ዴይሊሊ በስሙ ውስጥ ሊሊ የሚል ይኑረው እንጂ ከሊሊ ወገን አይደለም፤ ሽንኩርት መሳይ ራስም የለውም። የዕፅዋት ሊቃውንት አሁን የሚመድቡት ከእሬት ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሄሜሮካሊስ ሲሆን ትውልዱ ምሥራቅ እስያ፣ ማለትም ቻይና፣ ኮሪያና ጃፓን ነው። አንዱ አበባ ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይጠወልጋል። በዘንጉ ላይ ብዙ እንቡጥ ስለሚደረደር ግን አንድ የደረሰ ዘለላ (አብሮ የበቀለ የቡቃያ ስብስብ) ሦስትና አራት ሳምንት ያለማቋረጥ ያብባል።

ከአፈር በታች ውሃ ያዘሉ ወፋፍራም ሥሮች አሉት። ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበትን፣ አውራ ጣት የሚያህለውን ነጣ ያለ ክፍል አንገት እንበለው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚዞረው በዚህ አንገት ላይ ነው። ቅጠሉ በሙሉ በውርጭ ቢቃጠል፣ ግማሹ ሥር በዶማ ቢቆረጥ፣ አንገቱ ደህና ከሆነ ተክሉ ይመለሳል። አንገቱ ከበሰበሰ ግን ላዩ ለሁለት ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ቢታይም ተክሉ አልቋል። የምትጠራጠሩት ተክል ካለ አፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ አንገቱን በጣታችሁ ተጫኑት። ጤነኛ አንገት እንደ ጥሬ ድንች ጠጣር ነው። የታመመው ይለሰልሳል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ይሸታል፤ ቅጠሉንም ሳብ ስታደርጉት ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ሦስቱ መለያዎች

ገበያ ላይ ሦስት መለያ አለ። የሚተኛው የሚባለው ቀኑ አጥሮ ብርዱ ሲበረታ ቅጠሉን ያደርቅና የሚቀጥለውን ዓመት ቡቃያ ከአፈር በታች ሸፍኖ ይጠብቃል። ሁልጊዜ አረንጓዴው እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። አንዱ ቅጠል ሲያረጅ ሌላው ከመሐል እየወጣ ይቀጥላል። የሚያቆመው ብርዱ ሲያስገድደው ብቻ ነው፤ ትንሽ ሞቅ ሲል ወዲያው ማደግ ይጀምራል። ከፊል አረንጓዴው ደግሞ እንደ ቦታው ይለዋወጣል፤ ሞቃት አገር ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፣ ብርድ አገር ላይ ቅጠሉን ወደ አፈር ጠጋ አድርጎ ያሳጥራል።

መለያውን የሚሰጠው ዝርያውን ያዳቀለው ሰው ነው፤ የሚሰጠውም በራሱ ግቢ ያየውን ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ ዴይሊሊ ማኅበር መዝገብ ላይ ከሰፈሩት ዝርያዎች ውስጥ ብዙዎቹ አረንጓዴዎች የወጡት ከፍሎሪዳና ከመሰል ሞቃት ግዛቶች ነው። እዚያ ውርጭ ጎብኚ እንጂ ነዋሪ ስላልሆነ አዳቃዩ ብርድን የመፈተን ዕድልም ፍላጎትም የለውም። ስለዚህ አንዳንዱ አረንጓዴ የካናዳን በረዶ ተቋቁሞ ይወጣል፤ አንዳንዱ የሚተኛ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ይሞታል። የቅጠል ጠባይና ብርድ መቻል ለየብቻ የሚወረሱ ነገሮች ናቸው። ሻጭን መጠየቅ ያለባችሁ «አረንጓዴ ነው ወይ?» ብላችሁ ብቻ አይደለም፤ «ስንት ብርድ ባለበት ቦታ፣ ለስንት ዓመት ያለ መሸፈኛ ከርሟል?» በሉት። መልስ ከሌለው አልተፈተነም ማለት ነው።

ድሬዳዋ

ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ምርጫው ቀላል ነው፦ የሚተኛውን አትግዙ። የሚያሳርፈው ብርድ ስለማያገኝ በየዓመቱ እየሳሳ፣ ዘንጉ እያጠረ፣ በመጨረሻ ይጠፋል። በ1975 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው፣ 28 ሴንቲሜትር ገደማ ቁመት ያለው ቢጫው ‹ስቴላ ዴ ኦሮ› በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡት ዝርያዎች አንዱ ነው። ነገር ግን የሚተኛ ስለሆነ ለከዚራም ለሳቢያንም ግቢ አይሆንም። ፎቶው ያምራል፣ እሱን አትመኑት።

እዚያ የመትከያው ጊዜ ሙቀቱ የሚበርድበት ጥቅምትና ኅዳር ነው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ዘለላ መክፈልም ሆነ ማዘዋወር አይመከርም፤ የጋለና እርጥብ አፈር ትኩስ ቁስል ያለበትን አንገት በጥቂት ቀናት ያበሰብሳል። በአንገቱ ዙሪያ ነጭ ድር የመሰለ ነገርና የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ቡናማ እንክብሎች ካያችሁ ፈንገስ ነው። ተክሉን ከነአፈሩ፣ 20 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ጎንና ወደ ታች ቆፍራችሁ በፌስታል አስወግዱ፤ እዚያ ጉድጓድ ውስጥም ሌላ ዴይሊሊ አትመልሱ። ጠዋት ፀሐይ አግኝቶ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ይስማማዋል። ጥቁር ቀይና ሐምራዊ አበባ ያላቸው ከሰዓት ፀሐይ ላይ ይቀልጣሉ፤ ቢጫ፣ ክሬምና ቀለል ያለ ብርቱካናማ ይቆያል።

የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚቀረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ዴይሊሊ የሚወደው ጥቂት አሲዳማ የሆነ አፈር፣ በፒኤች መለኪያ 6 እስከ 6.5 ነው። ኖራው ሲጠራቀም ሥሩ ብረት መሳብ ያቅተዋል፤ አዲሱ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ይገረጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ዩሪያ ይጨምራል፤ አይረዳም። በዓመት ሁለት ጊዜ በየዘለላው ዙሪያ አንድ አካፋ የበሰለ ኮምፖስት ማልበስ፣ ከባሰም በእርሻ ግብዓት ሱቅ የሚገኝ የተዋሐደ ብረት (አይረን ኬሌት) በመመሪያው መጠን ማጠጣት ነው መፍትሔው። የምድጃ አመድ አበባ ሥር የመድፋት ልማድ እዚህ ጋ መቆም አለበት፤ አመድ ያንኑ ኖራነት ይጨምራል።

ሐረር

ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። አረንጓዴውም ከፊል አረንጓዴውም ይስማማል፤ ከሚተኙትም አንዳንዱ ይሞከራል። እዚህ ሰውን የሚያበሳጨው ሌላ ነገር ነው፦ አበባው አጥጋቢ ሆኖ አለመከፈቱ። ከፍሎሪዳ የመጡት፣ ጠርዛቸው የተሸበሸበና ቅጠለ አበባቸው ወፍራም የሆኑት ዝርያዎች ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ጠዋት ላይ ግማሽ ተከፍተው ይቀራሉ፤ ጠርዝና ጠርዙ ተያይዞ ይቀደዳል። የሐረር ሌሊት ደግሞ ከዚያ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ተክሉ አልታመመም፣ ማዳበሪያም አልጎደለውም። መፍትሔው ምርጫ ነው፦ ቅጠለ አበባው ቀጭን፣ ቅርጹ ክፍት የሆነውን፣ ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላ በማለዳ ይከፈታል ተብሎ የተገለጸውን ውሰዱ። በጥቅሉ 22 ክሮሞዞም ያላቸው መደበኛዎቹ፣ ክሮሞዞማቸው በእጥፍ 44 ከሆኑት ወፍራሞች ይልቅ በብርድ ጠዋት በደንብ ይከፈታሉ። ወፍራሙን የግድ የምትወዱ ከሆነ ወደ ምሥራቅ ከሚያይ የድንጋይ ግንብ 50 ሴንቲሜትር ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት፤ ግንቡ ማታ የሚመልሰው ሙቀትና የማለዳ ፀሐይ ያግዙታል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ዴይሊሊ ከጽጌረዳ ይሻላል፤ ሥሩ ውሃ ያስቀምጣል። ሁለት ሳምንት ሳያገኝ ቢቀር አይሞትም፤ ግን ዘንግ አውጥቶ እንቡጥ በያዘ ጊዜ ከተጠማ እንቡጡን ያረግፋል። ስለዚህ ያለችውን ጄሪካን ለዚያ ጊዜ ቆጥቡ፦ ለአንድ የደረሰ ዘለላ በሳምንት 10 ሊትር፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ቅጠሉን ሳያርስ በሥሩ ዙሪያ። የልብስ ማጠቢያ ውሃ ያለ በረኪና ከሆነ አልፎ አልፎ ይሆናል፤ በረኪና ካለበት ፈጽሞ።

አተካከል

ለሁሉም ቦታ የሚሠራው አተካከል አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጊዜው ላይ ነው። 40 ሴንቲሜትር ስፋትና 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩና ውሃ ሞልታችሁ ተዉት። እስከ ማግስቱ ውሃ ከቆመበት እዚያ አትትከሉ፤ ወይም 20 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። የሐረማያ ጥቁር አፈር ላይ ከፍ ያለ መደብ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው። በጥቁር አፈር ላይ ትንሽ አሸዋ መቀላቀል ይረዳል የሚባለውን አትስሙ፤ ሲደርቅ ከጡብ የማይተናነስ ነገር ነው የሚሆነው። ከአፈሩ መጠን ሲሶ ያህል ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰለ ፍግ ቀላቅሉ። ያልበሰለ ፍግ አንገቱን ከነካ ያቃጥለዋል፣ መበስበስንም ይጋብዛል።

በጉድጓዱ መሐል አፈር ከምሩና አንገቱን ጉብታው ላይ አስቀምጣችሁ ሥሮቹን ዙሪያውን ዘርጉ። አንገቱ ከአፈሩ ወለል በታች 2.5 ሴንቲሜትር ብቻ ይግባ። ተክሉ ቀድሞ የነበረበት ጥልቀት ቅጠሉ ላይ ይታያል፤ ነጭ የነበረው ወደ አረንጓዴ የሚለወጥበት መሥመር ነው። ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ከጠለቀ ቅጠል ብቻ እያወጣ ማበብ ያቆማል፤ በእርጥብ ወቅትም ይበሰብሳል። ወለሉ ላይ ከቀረ ደግሞ ፀሐይና ውርጭ በቀጥታ ያገኙታል። አፈሩን በእጅ ጠቅጥቁ፣ 5 ሊትር ውሃ አጠጡ፣ አፈሩ ሲሰምጥ ሙሉበት። በተክሎች መካከል ከ45 እስከ 60 ሴንቲሜትር ተዉ።

ማዳበሪያ በበልግ መግቢያ፣ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት ላይ፣ ለአንድ ዘለላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኤንፒኤስ ከአንገቱ 15 ሴንቲሜትር አርቆ በእርጥብ አፈር ላይ ማድረግ ይበቃል። ሐምሌ መግቢያ ላይ ይደገም። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ግን ናይትሮጅን የሚባል ነገር በቀዝቃዛው ቦታ አይሰጥ፤ ለስላሳ አዲስ ቅጠል ያስወጣና ውርጭ የመጀመሪያ ቁርሱ ያደርገዋል።

ሐረማያና ከዚያ ወዲያ ያለው ደጋ

ከሐረር ሐረማያ ሩቅ አይደለም፣ ከፍታውም ብዙ አይለይም። ነገር ግን ሜዳው ብርድ አየር የሚጠራቀምበት ገንዳ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ሲቆም መሬቱ የቀኑን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ የቀዘቀዘው አየር ይከብድና ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። ጫቱን የሚያቃጥለው ውርጭ የሚወርደው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ተመሳሳይ ግቢ ውስጥ እንኳ ከቁልቁለቱ መጨረሻ ይልቅ መሐሉ ላይ መትከል በዲግሪ የሚቆጠር ልዩነት ያመጣል። ከተክሉ በታች በኩል ድፍን አጥር ካለ ደግሞ ብርዱን እንደ ግድብ ይዞ ያቆመዋል፤ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተዉለት።

እዚህ ማወቅ ያለባችሁ ዋና ነገር መሬቱ አለመቀዝቀዙ ነው፤ ቀን ፀሐይ ስለሚመታው ውርጩ ቅጠሉን ይነካል እንጂ 2.5 ሴንቲሜትር ታች ያለው አንገት አይደርስበትም። ስለዚህ ስለ በረዶ አገር የተጻፈውን ምክር እንዳለ ወስዳችሁ ተክሉን በወፍራም ጉዝጓዝ አትቅበሩት። ጉዝጓዝ የአፈሩን ሙቀት ከታች ያፍናል፤ አንገቱ ይሞቃል፣ ከላይ ያለው ቅጠል ግን ከባዶ መሬት ይልቅ በባሰ ሁኔታ ይመታል። ከኅዳር እስከ ጥር አጋማሽ ጉዝጓዙን ከተክሉ ዙሪያ 30 ሴንቲሜትር ገለል አድርጉት። ውርጭ በሚጠበቅበት ቀን ከቀትር በፊት አፈሩን አርሱት፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይዞ ያድራል። ማጠጣት ስል አፈሩን እንጂ ቅጠሉን አይደለም።

መሸፈኛው አሮጌ አንሶላ ወይም ጆንያ ይሁን። በአራት እንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ቅጠሉን ሳይነካ፣ ጠርዙ መሬት ደርሶ በድንጋይ ይያዝ፤ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት የሚይዘው ያኔ ብቻ ነው። ከግንዱ ጋር እንደ ጥቅል የሚታሰር ጨርቅ ምንም አይፈይድም። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን በነካበት ሁሉ ያቃጥላል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሸፍኑ፤ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ግለጡ። ከባዱ ብርድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ንጋት ስለሆነ ማታ ሞቅ ያለ መስሏችሁ አትዘናጉ። ዘንግ ያወጡትን አስቀድሙ፤ ቅጠል ይተካል፣ የተመታ እንቡጥ ግን አይተካም።

ቅጠሉ ተመትቶ ውሃ የቋጠረ መስሎ ከጠቆረ አትቁረጡት። አስቀያሚ ነው፣ ቢሆንም ለሚቀጥለው ሌሊት መሐለኛውን ቡቃያ ይከልላል። ጥር ካለፈ በኋላ በመቀስ እስከ ደህናው ድረስ አሳጥሩት። በብርዱ ወራት ውሃ በ10 ቀን አንድ ጊዜ ይበቃል፤ እድገቱን ያቆመ ተክል አይጠጣም፣ የተጠራቀመው እርጥበት ደግሞ ወደ አንገቱ ነው የሚሄደው። በደጋው የመትከያው ጊዜ መጋቢት ወይም ሐምሌ ነው። መስከረም 10 ካለፈ በኋላ ያገኛችሁትን ተክል በ20 ሊትር የቀለም ባልዲ፣ ታቹን ስምንት ቦታ በስታችሁ፣ በረንዳ ላይ አክርሙት።

በረዶ አገር

ቶሮንቶና ሚኒያፖሊስ መሬቱ ራሱ ድንጋይ ይሆናል፤ ጨዋታው ይለወጣል። ነገር ግን አረንጓዴ ዴይሊሊን እዚያ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ቅዝቃዜው ብቻውን አይደለም። የመጀመሪያው ገዳይ ውሃ ነው፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ያለ አንገት ሲቀዘቅዝ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ሲቀልጥ ይበሰብሳል። ሁለተኛው መቅለጥና መቀዝቀዝ መፈራረቁ ነው። በጃንዋሪ አንድ ሳምንት ሞቅ ሲል የሚተኛው ዝርያ ዝም ይላል፤ አረንጓዴው ግን ጸደይ የመጣ መስሎት ያጠራቀመውን ስንቅ አውጥቶ ቅጠል ይልካል፣ ያም ይቃጠላል። እንዲህ ሦስት አራት ጊዜ ከተታለለ ለኤፕሪል የሚቀረው ነገር የለም። መሬቱ በቀለጠና በቀዘቀዘ ቁጥርም አዲስ የተተከለው ከአፈሩ ተገፍቶ ሥሩ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ከባድ ውርጭ ከመምጣቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በፊት ተከላው ይለቅ፤ ለሁለቱም ከተሞች ከኦገስት አጋማሽ ወዲህ አለመትከል ደህናው መንገድ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን በጸደይ ተክሎ ሙሉ የእድገት ወቅት መስጠት ነው። ተዳፋት ወይም ከፍ ያለ መደብ ይመረጥ፤ የጣራ ውሃ የሚወርድበት ቦታ አይሁን። ጉዝጓዝ የሚደረገው መሬቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፣ አስቀድሞ አይደለም። ዓላማው ማሞቅ ሳይሆን የቀዘቀዘው እንደቀዘቀዘ እንዲቆይ ማድረግ ነው፤ ቀድሞ ከተደረገ መሬቱን አሙቆ ተክሉን ያነቃል፣ አይጥም ይጠራል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚሆን ገለባ ወይም የጥድ ቅጠል ይበቃል። ሲረጥብ እርስ በርሱ የሚጣበቅ ሰፊ የዛፍ ቅጠል አየር ይዘጋል። በረዶ ራሱ ከሁሉ የሚበልጥ ብርድ ልብስ ነው፤ ከመንገድ የምትጠርጉትን ጨው የሌለበትን በረዶ መደቡ ላይ ክመሩት። በጸደይ ጉዝጓዙን በአንድ ቀን አታንሱ፤ በሁለትና ሦስት ዙር።

በረዶው ሲለቅ ቅጠሉ የበሰበሰ ጎመን መስሎ ታገኙታላችሁ፤ በእጅ ሳብ አድርጋችሁ አንሱትና አንገቱን ፈትሹ። ጠጣር ከሆነ ጠብቁ። አዲሱ ቅጠል ተጣምሞ፣ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ጠርዙ ተበልቶ ከወጣ በጸደይ የሚከሰት የታወቀ ሕመም ነው። አትነቅሉት፤ አብዛኛው እየሞቀ ሲሄድ ከሕመሙ ወጥቶ ያድጋል። በዕቃ የተተከለ ከሆነ ውጪ አይከርምም፤ የዕቃው አፈር ከአራቱም ጎን ስለሚቀዘቅዝ ከመሬቱ እጅግ የባሰ ነው። ማሞቂያ ወደሌለው ጋራዥ አስገቡት፤ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ባለበት፣ በወር አንድ ብርጭቆ ውሃ ያህል። ሳሎን አታስገቡት፤ በሙቀትና በጨለማ መካከል ቀጥኖ፣ ክሽክሽና ቀይ ሸረሪት ወርሮት ይወጣል።

ዋግ

አረንጓዴ ዝርያ የሚከፍለው ግብር ይህ ነው። የዴይሊሊ ዋግ ከስንዴ ዋግ ጋር በአንድ ወገን ያለ ፈንገስ ነው፤ ስንዴን ግን አይነካም። አሜሪካ ውስጥ በ2000 እ.ኤ.አ. ታየና በጥቂት ዓመት ውስጥ ተዛመተ። ይህ ፈንገስ ዴይሊሊ ላይ የሚኖረው በሕያው ቅጠል ብቻ ነው። በረዶ አገር ቅጠሉ በሙሉ ሲሞት ዋጉም አብሮ ይሞታል። ቅጠሉ ዓመቱን በማይሞትበት በሐረርና በድሬዳዋ ዓይነት አየር ግን አንዴ ከገባ የሚያስቆመው የለም፤ የሐረማያም ውርጭ ቅጠሉን በሙሉ ስለማይጨርስ ያጸዳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ምርመራው ቀላል ነው። በቅጠሉ ጀርባ ብርቱካናማ ጉብ ጉብ ያለ ነጠብጣብ ካያችሁ በነጭ ሶፍት ጥረጉት። ሶፍቱ ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ከቀረ ዋግ ነው። ዱቄት ሳይኖር በቅጠሉ መሐል ርዝማኔውን ተከትሎ ቡናማ መሥመር ብቻ ካለ ሌላና ቀለል ያለ በሽታ ነው፤ ቅጠሉን ቆርጦ ማንሳት ይበቃል። ዋጉ ለመብቀል ቅጠሉ ለ5 እና 6 ሰዓት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ማታ በጎማ ከላይ ማርከፍከፍን የምቃወመው ለዚህ ነው።

አዲስ ተክል ከየትም ይምጣ ቅጠሉ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ብቻ እስኪቀር ተቆርጦ፣ የተቆረጠው ተቃጥሎ፣ ከሌሎቹ ርቆ አንድ ወር ይቆይ። የገባበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ሁሉንም ዴይሊሊ በአንድ ቀን እንዲሁ አጭዱ፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን በሳምንቱ ማድረግ ዋጉን ከአንዱ ወደ ሌላው ማጓጓዝ ነው። ቆሻሻውን ኮምፖስት ውስጥ አትጣሉ። መቀሱን በአልኮል ጥረጉ። አዲሱ ቅጠል ሲወጣ ማንኮዜብ ያለበት መድኃኒት ይከላከላል፣ የገባውን ግን አያድንም። ፕሮፒኮናዞል ወደ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚዘልቅ የጀመረውን ይይዛል። ሁለቱን በየ10 እና 14 ቀን ማፈራረቅ ፈንገሱ እንዳይለምድ ይረዳል፤ መጠኑ በዕቃው ላይ የተጻፈው ነው፣ ጓንትና ጭንብል ሳይረሳ። በየዓመቱ እየታመመ ለሚያስቸግር ዝርያ ግን መድኃኒት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ነቅላችሁ የሚቋቋም ተኩበት።

ድመት ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፦ ዴይሊሊ ለድመት መርዝ ነው፤ ቅጠሉም አበባውም ኩላሊቷን ያበላሻል። ጀጎል ውስጥ ድመት ከአበባ ስለሚበዛ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግሁም።

መክፈልና ከዘር ማብቀል

መሐሉ የተራቆተ፣ አበባው ያነሰ ዘለላ መከፈል አለበት፤ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። ከዳር 25 ሴንቲሜትር ርቃችሁ ዙሪያውን ቆፍሩ፣ አውጡት፣ አፈሩን በውሃ አጥቡትና በእጅ እያወዛወዛችሁ አለያዩት። ቢላ መጨረሻ ላይ ይምጣ። በእያንዳንዱ ቁራጭ 2 ወይም 3 ቡቃያ ይኑር፤ ነጠላ ቡቃያ ውርጭ ባለበት ቦታ አቅም ያንሰዋል። ቅጠሉን ወደ 15 ሴንቲሜትር አሳጥሩና ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ሁለት ቀን በጥላ አቆዩት።

ከውጭ ተክል ማስመጣት የማስገቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ዘርም ወረቀቱ አይቀርለትም፤ ነገር ግን ዋግን አያመጣም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ለምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ የሚሆን ዝርያ የሚገኘውም በዚህ መንገድ ይመስለኛል። አንዱን ብርድ የሚችል ከፊል አረንጓዴ ከአንድ ጥሩ አረንጓዴ ጋር በጠዋት፣ የአበባ ዱቄቱ ደረቅ ሲሆን፣ አዳቅሉ። የሁለቱ ክሮሞዞም እኩል መሆን አለበት፤ 22ቱ ከ44ቱ ጋር በተለመደው መንገድ አይዳቀልም። በየመንደሩ አጥር ሥር የሚሰራጨው ብርቱካናማው አሮጌ ዝርያም ዘር ስለማይይዝ በእሱ አትድከሙ። ፍሬው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቡናማ ሆኖ ጫፉ ሲሰነጠቅ ጥቁር የሚያብረቀርቁትን ዘሮች ልቀሙ። በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ በፌስታል ለ4 ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አቆዩ፤ በረዶ የሚሠራው ክፍል (ፍሪዘሩ) ውስጥ ግን አይደለም። አረንጓዴዎቹ ያለዚህም ይበቅላሉ፣ ይህን ስታደርጉ ግን አበቃቀላቸው ይመሳሰላል። 1 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ዝሩ፤ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ብቅ ይላሉ።

ልጁ እናቱን አይመስልም፤ ጥቅሙም እሱ ነው። ችግኞቹን ሐረማያ ሜዳ ላይ ያለ መሸፈኛ ሁለት የብርድ ወቅት አሳልፏቸው፤ በሁለተኛው የካቲት አንገቱ ጠጣር፣ መሐሉ አረንጓዴ የሆነውን ብቻ በሚስማር በተጻፈበት ቆርቆሮ ምልክት አድርጉና ሌላውን ንቀሉ። የአበባውን ቀለም መምረጥ የሚጀመረው ከእነዚህ መካከል ነው።